የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አገር ለቆ ከመሄድ በፊት ዘመድና ወዳጅን ስለመሰናበት

በዚህ እትም ከመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ በመሆኑ በአንድነት አቅርቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር የያዘ ስለሆነ መልሱም ረዘም ብሏል።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የዲቪ ዕድል ደርሷት ለእሷ፣ ለእኔና ለሁለት ልጆቻችን ቪዛ ተመቶልናል። ቪዛው የሚያበቃው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ ሲሆን፣ እናቴ ደብረ ታቦር፣ የባለቤቴ ወላጆች አሰላ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ደግሞ ደሴ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ልንሰናበታቸው የሚገቡንን ዘመዶችና ወዳጆች መቁጠር ጀምረን መጨረስ አቃተን። ባለቤቴ ‹ነገሩ በሰው አፍ እንዳይገባ ለማንም ሳንናገር እንሂድና ከደረስን በኋላ እንደውል› ትላለች። እኔ ግን እናቴን ሳልሰናበት ብሄድ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ከዚህም ሌላ ከአጎቴ ጋር በአባቴ ቦታ ምክንያት ከተኳረፍን ዓመታት አልፈዋል። ማንን እናስቀድም? ምን ይዘን እንሂድ? አጎቴስ ጋ ልሂድ ወይስ ልተወው?»

ተጓዡ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ባለቤትዎ ነገሩ በሰው አፍ እንዳይገባ መፍራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ገና ቃለ መጠይቅ ሳይደርስ ወሬው ተሰምቶ፣ የቤት ዕቃው ተሽጦ፣ ሥራው ተለቆ፣ በመጨረሻ ቪዛ የተከለከለ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ያ ሰው ከቤቱ ለመውጣት እንዴት እንደሚቸገርም ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ እስኪመታ ድረስ ዝም ማለታችሁ ትክክል ነበር። አሁን ግን ተመቷል። ከዚህ በኋላ የጉዞውን ቀን ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ መንገር አለመንገር የእናንተ ፈንታ ነው፤ ለወላጅና ላሳደገች አክስት መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። እናትዎ የልጃቸውን መሄድ ከገበያ ሲመለሱ ከሰው አፍ ቢሰሙ፣ የሚቆረቁራቸው ሳይመርቁ መሄድዎ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ቅያሜ ደግሞ በኋላ የሚላክ ገንዘብ ሲያሽረው አላየሁም። ባለቤትዎን በዚህ መንገድ ያነጋግሯቸው፤ ወላጆቻቸው አሰላ ናቸውና ነገሩ ለእርሳቸውም ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከማንም ጉብኝት በፊት ቀኑን አስተካክላችሁ ቁጠሩ። በኢሚግራንት ቪዛው ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን አሜሪካ የምትገቡበት የመጨረሻ ቀን እንጂ ከቦሌ የምትነሱበት አይደለም። ቀኑ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር የማይበልጥ ሲሆን፣ የሕክምና ምርመራው ቀደም ብሎ የሚያበቃ ከሆነም ያጥራል። የአራታችሁም ቪዛ በአንድ ቀን ማብቃቱን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ትኬቱን ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በመሐል አንድ ልጅ ቢታመም ወይም በረራ ቢሰረዝ መተንፈሻ ታገኛላችሁ። ከጉዞው በፊት ያለውን የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ ለማንም አትስጡት። ብዙ ተጓዦች ስንብቱን በሙሉ ወደዚያ ሳምንት ይገፉትና በቀን አምስት ስድስት ቤት እየዞሩ፣ በየቤቱ ሳይቀመጡ፣ ከየቤቱ አንድ ጉርሻ ብቻ እየቀመሱ ይከርማሉ። እንዲህ ያለው ስንብት ለሚሄደውም ድካም ነው፤ የሚቀረውም «መጥቶ ነበር» ከማለት በቀር የሚያወራው ነገር አያገኝበትም።

ማንን እናስቀድም ላሉት፣ መለኪያው የዝምድናው ቅርበት ብቻ መሆን የለበትም። እናንተ ጋ ሊመጣ የማይችለውን አስቀድሙ። በዚህ ዓመት ሰው ሞቶበት ለቅሶ ያልደረሳችሁት ቤት ካለ ቀዳሚው እሱ ነው፤ ያልተደረሰ ለቅሶ ይዞ አገር መልቀቅ በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ነው፤ ሐዘንተኛውም «እግዜር ያጥናህ» ያላለውን ሰው አይረሳም። ቀጥሎ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ከዚያ አራስ፣ ከዚያ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን ይምጡ። ባለትዳር ጓደኞቻችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቻችሁና ጤነኛ የአጎት የአክስት ልጆች ግን በእግራቸው መምጣት የሚችሉ ናቸውና አንድ እሑድ ቀን ቤታችሁ ቡና አፍልታችሁ አንድ ላይ ጥሯቸው። ቅር የሚለው አይጠፋም፤ ሆኖም ሃያ ቤት በሩጫ ከመርገጥ ስድስት ቤት በወጉ መቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ደርሶ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር በመኪና መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ እየሆነ መቆየቱን እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ከመነሳት በፊት እዚያው የሚኖር፣ በዚያው ሳምንት በመንገዱ የተመላለሰ ሰው ይጠይቁ። መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ እናትዎን በሚያምኑት የሠፈር ሰው አሳጅበው ባሕር ዳር ያስመጧቸው፤ ወይም አንድ የእህት ልጅ ሄዶ ይዟቸው አዲስ አበባ ይምጣ። አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ እናት ብቻቸውን እንዲመጡ ማድረግ ግን አይገባም። አክስትዎ ዘንድ ለመድረስ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከደሴ ቅርብ ነው፤ ለእርሳቸውም ስለ መንገዱ ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል የሚል ሐሳብ ይመጣልዎት ይሆናል፤ እባክዎ እንዲህ አያድርጉት። ሴት ልጃቸውን ከነልጅ ልጆቻቸው ለሚሰናበቱ ወላጆች ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ያስፈልጋል።

እናትዎ ዘንድ ደግሞ ቢቻል አንድ ሳምንት ይቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን የእንግዳ ነው፤ ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል፣ እናትዎም ከማድቤት አይወጡም። በሁለተኛው ቀን ስለ ልጆቹ ምግብና ስለ እርስዎ መክሳት ይነገራል። እናት የሆዷን የምታወጣው ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ላይ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ምስር ስትለቅም ወይም ቡናውን ስትቆላ ነው። አንድ ሌሊት አድሮ የሚመለስ ልጅ ይህን ሳይሰማ ይሄዳል። ቡናው ሲፈላም ስልክዎን አስቀምጠው ይቀመጡ፤ ከአቦል በኋላ «መኪናው ቆሞ ይጠብቀናል» ብለው አይነሱ፤ ቶናውንም፣ በረካውንም ይጠጡ። ምርቃቱ በተለይ የሚወርደው በረካው ላይ ነው። ልጆቹም ከእናታቸው ጀርባ ቆመው እንዲያዩ ብቻ አይተዋቸው፤ ከእርስዎ ጎን ተንበርክከው የአያታቸውን ጉልበት ይሳሙ፣ አያታቸውም እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው፣ «እትፍ እትፍ» ብለው፣ በስማቸው እየጠሩ ይመርቋቸው። ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ይህን ያስታውሰዋል፤ ካደገ በኋላ ስለ አያቱ የሚናገረውም ይህንኑ ይሆናል።

ከእርሳቸው ጋር ሳሉ አንድ ሥራ እንዲሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ። አስፈቅደው የእናትዎን ድምፅ በስልክ ይቅረጹ። ስለምን ላናግራቸው ካሉ፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም እስከሚያውቁት ድረስ እንዲቆጥሩልዎ ይጠይቋቸው፤ በእናት በኩል ያለው የዘር ቆጠራ በወረቀት ላይ ስለማይገኝ ከእርሳቸው ጋር የሚጠፋ ነው። እንዴት እንደተዳሩ፣ እርስዎ የተወለዱ ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደነበር፣ የየትኛው ታቦት ስእለት እንዳለባቸው ይጠይቋቸው። ፎቶ ሲያነሱም ተሰልፎ የመቆምን ፎቶ ከአንድ ሁለት አታስበልጡ፤ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ዶሮ ሲመግቡ አንሷቸው።

እግረ መንገድዎን ወረቀትም ይዩ። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ነገ የአሜሪካ ዜግነት ብታገኙ፣ ወላጅን ለማስመጣት ማመልከት የሚቻለው ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ሲሆን ነው፤ ዜግነት ደግሞ በአብዛኛው ከአምስት ዓመት ነዋሪነት በኋላ የሚጠየቅ ነገር ነው። ያን ጊዜ የሚፈለገው ዋነኛው ማስረጃ የእናትዎ ስም ያለበት የእርስዎ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው የእናትዎ ስም ከመታወቂያቸው ጋር አንድ መሆኑን አሁን ያረጋግጡ። በመታወቂያው «አስካለ»፣ በልደት ወረቀቱ «አስካለማርያም» የተባለች እናት ከዓመታት በኋላ ለልጇ ብዙ ምልልስ ታስከትላለች፤ አገር ውስጥ ሳሉ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄዶ ማስተካከል ይቀላል።

ምን ይዘን እንሂድ ላሉት መልሱ አጭር ነው። ለእናት ጋቢ ወይም ነጠላ፣ ለቤቱ ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፤ ገንዘብ የሚሰጡ ከሆነ በፖስታ አድርገው፣ ሰው ሳያይ፣ ሲወጡ በእጃቸው ያስጨብጧቸው። ከእነርሱ ወደ እናንተ የሚመጣው ግን ሊከብድ ይችላል፤ ደብረ ታቦርም አሰላም በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ እየታሸገ መጠበቁ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ለኢኮኖሚ ክፍል ተሳፋሪ የሚፈቅደው በአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነውና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቋንጣና ማንኛውም ሥጋ ነክ ነገር አሜሪካ አይገባም፤ ቅቤም ጥያቄ ያስነሳል። በርበሬና ሽሮ በአብዛኛው ችግር የላቸውም፤ ሆኖም የያዛችሁትን የምግብ ዓይነት ሁሉ ጉምሩክ ላይ ተናገሩ፤ የሚያስቀጣው አለመናገሩ ነው። እናትዎ የሰጡዎትን ቋንጣ ዋሽንግተን ላይ ከሚወረወርብዎ፣ እዚያው ቤታቸው ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠው ቢበሉት እርሳቸውንም ደስ ይላቸዋል።

«መቼ ትመለሳለህ?» ተብለው መጠየቅዎ አይቀርም። የማይችሉትን ቀን አይናገሩ። ለእርስዎ እንዲታወቅዎት ያህል፣ አሜሪካ ስትገቡ ማኅተም የተመታበት ቪዛ ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪደርስ ድረስ ለአንድ ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ ስለዚህ እናትዎ ቢታመሙ በመጀመሪያው ዓመትም ቢሆን መጥተው መመለስ አይከለከሉም። ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ግን ልዩ ፈቃድ ካልተያዘ ነዋሪነቱን ያሳጣል፤ ከስድስት ወር በላይ መቆየትም ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለ ገንዘብም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት የቤት ኪራይ፣ የመኪናና የሥራ ፍለጋ ወራት ናቸውና «ስደርስ በየወሩ እልካለሁ» ብለው ቃል አይግቡ። ቃል መግባት ካስፈለገ የሚደውሉበትን ቀንና ሰዓት ቃል ይግቡ። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ትቀድማለች። እሑድ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እናትዎ ዘንድ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ እራት ተበልቶ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ሰዓት ስለሆነ ይመቻል።

ስለ አጎትዎ፦ ይሂዱ። ሲሄዱ ግን የቦታውን ነገር ይዘው አይሂዱ። በስንብት ቀን የርስት ክርክር የተነሳባቸው ቤቶች እርቁንም ቦታውንም ሲያጡ አይቻለሁ። እርሳቸው የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባታቸውን አስቀድመው ይላኩና «ልሄድ ነው፣ ሳልስምህ አልሄድም» የሚለውን ቃል ብቻ ያድርሱ። ቤታቸው ሲገቡ ቁጭ ከማለትዎ በፊት ጉልበታቸውን ይሳሙ፣ «በድዬም ከሆነ ይቅር ይበሉኝ» ይበሉ፣ ከዚያ ስለ ጤናቸውና ስለ ልጆቻቸው ይጠይቁ። እርሳቸው ራሳቸው ስለ ቦታው ቢያነሱ «እሱን ሌላ ቀን ሽማግሌ ይየው» ብለው ያሳልፉት። በሩን ቢዘጉብዎም መሄድዎ ይቆጠርልዎታል፤ በመላው ዘመድ ዘንድም ይታወቅልዎታል። የቦታው ጉዳይ ከእርስዎ መሄድ በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ግን በዚህ ለሚያምኑት ሰው ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልና ይስጡ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት አጠቃላይ ውክልና ንብረት ከማስተዳደር አያልፍም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ ወይም ክስ ለማቅረብና ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ በውክልናው ላይ ምን ምን ማድረግ እንደተፈቀደ በግልጽ ያጽፉ።

የሚቀረው የዕቁቡና የዕድሩ ነገር ነው። ዕቁብ በልታችሁ ያልጨረሳችሁ ከሆነ ለዳኛው ነግራችሁ ቀሪውን ክፈሉ ወይም የሚከፍል ዋስ አቅርቡ። ዕድሩን ከመልቀቃችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ፤ ወርኃዊ መዋጮው በተወካይ እስከተከፈለ ድረስ ውጭ አገር ያለን አባል የሚያስቀጥሉ ዕድሮች አሉና፣ በተለይ የባለቤትዎ ወይም የእርስዎ ወላጅ በእናንተ ስም የሚጠቀሙ ከሆነ አትውጡ።

ጥያቄ

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 23 ዓመት ነው፤ የተወለድኩት ደቡብ ወሎ ገጠር ውስጥ ሲሆን አሁን ኮምቦልቻ በሰው ቤት እሠራለሁ። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለቤት ሠራተኝነት ልሄድ ነው። ጉዳዩን የያዘልኝ ሰው ‹ቤተሰብ ሲሰማ ያስቀራችኋል፣ ቶሎ ተነሺ› ይለኛል። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ደንግጣ አንድ ነገር እንዳትሆንብኝ ፈራሁ። ሳልነግራት ሄጄ ከዚያ ብደውልላት ይሻላል ወይ?»

ጭንቅ ላይ ያለችው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ውድ እህታችን፣ ለእናትሽ ማሰብሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስፈራኝ የእናትሽ ደም ግፊት ሳይሆን «ቶሎ ተነሺ» የሚልሽ ሰው ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሰው ከቤተሰቡ አይደበቅም። በ2008 ዓ.ም. በወጣውና በ2013 ዓ.ም. በተሻሻለው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ወደ ሥራ የሚላክ ሰው በመንግሥት የጸደቀ የሥራ ውል፣ የጤና ምርመራና የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ሊኖረው ይገባል፤ የላከው ኤጀንሲም ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። ውልሽን አይተሻል? የኤጀንሲውን ስም ታውቂያለሽ? ለሁለቱም መልስ ከሌለሽ እግርሽን ሰብስቢና በአቅራቢያሽ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። በጅቡቲና በየመን በኩል ልውሰድሽ የሚልሽ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አትሂጂ፤ በዚያ ባሕርና በረሃ ያለቁት የወሎ ልጆች ቤታቸው ለእናትሽ መንደር ሩቅ አይደለም።

መንገድሽ ሕጋዊ መሆኑን ካረጋገጥሽ፣ ወደ እናትሽ ሂጂ። በስልክ አትንገሪያት። ከደረስሽ በኋላም በዚያው ዕለት አትንገሪያት፤ አንድ ቀን አብረሻት ዋይ፣ ውኃ ቅጂላት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰዷን እዪ። በማግስቱ እናትሽ የምትሰማው አንድ ታላቅ ዘመድ፣ አጎት ወይም የሠፈሩ ሼህ ባለበት፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ረጋ ብለሽ ንገሪያት። ታለቅሳለች፤ ማልቀሷን አትከልክያት። ካለቀሰች በኋላ ዱዓ ታደርግልሻለች፤ ሳልነግራት ብሄድ ይሻላል ያልሽውን የምትተይው ያን ጊዜ ነው። ከሪያድ ወይም ከጂዳ በስልክ ብትነግሪያት ግን ድንጋጤው ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ የት እንዳለሽ አታውቅም፣ ማን ቤት እንዳለሽ አታውቅም፣ ልታይሽም አትችልም።

ከመሄድሽ በፊት የፓስፖርትሽን፣ የቪዛሽንና የውልሽን ቅጂ፣ የኤጀንሲውን ስምና የቢሮውን አድራሻ፣ የአሠሪሽንም ስልክ በአንድ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ለእናትሽ ሳይሆን ማንበብ ለሚችል ወንድም ወይም እህት ስጪ። በስልክሽ ላይም ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት፤ እዚያ ስትደርሺ ስልኩም ፓስፖርቱም ከእጅሽ ሊወጣ ይችላልና የወንድምሽን ቁጥር በቃልሽ ያዢ። አንድ ቃልም ተስማሙበት፦ ችግር ላይ ሆነሽ በነፃነት መናገር ካልቻልሽ የምትይው፣ ለሌላ ሰው ተራ ሰላምታ የሚመስል፣ እናንተ ብቻ የምታውቁት ቃል ይሁን። እናትሽ የቁልፍ ስልክ ብቻ ካላት የምትደውይበትን ቀን ንገሪያት፤ ኔትወርክ ለማግኘት ተራራ መውጣት ካለባት ዝም ብላ በየቀኑ እንዳትመላለስ። ሳዑዲ ዓረቢያ በሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ናት፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብላችሁ ብትስማሙ ለሁለታችሁም አይረሳም።

ጥያቄ

«ልጄ ጀርመንኛውን ተምራ ፈተናውን አልፋ ባሏ ዘንድ ፍራንክፈርት ልትሄድ ነው። የምትቀረን ሦስት ሳምንት ናት። ሆኖም ከጓደኞቿ ጋር ስትዞር ነው የምትውለው፤ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ማታ ደክሟት ትተኛለች። እኔ ለሽኝቷ ድግስ ልደግስ ሳስብ ‹እማዬ ወጪ አታብዢ› ትለኛለች። ከእናቷ ጓደኞቿ በለጡባት ማለት ነው?»

እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ

የተከበሩ እናታችን፣ ልጅዎ ከእርስዎ ጓደኞቿን አላስበለጠችም። ወጣቶች ከሚወዱት ሰው ጋር ብቻቸውን ቁጭ ብለው መሰናበት ይከብዳቸዋል፤ ከብዙ ሰው ጋር ሲሆኑ ይቀላቸዋል። ማታ ደክሟት የምትተኛው ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብትል ዕንባ እንደሚመጣ ስለምታውቅም ሊሆን ይችላል። ጓደኞቿም ቢሆኑ ሊናቁ አይገባም፤ እርሷ ከሄደች በኋላ እርስዎ ቢታመሙ በመጀመሪያ በርዎን የሚያንኳኩት እነርሱ ናቸውና።

ቅሬታዎን በሆድዎ አይያዙ፤ ቀን ቆርጠው ይጠይቋት። «ሁሌ ትሄጃለሽ» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞና ረቡዕ የእኔ ይሁኑ፣ ስልክሽንም ዝጊው» ይበሏት። በእነዚያ ቀናት ደግሞ ድግስ ሳይሆን ሥራ አብራችሁ ሥሩ፤ በርበሬውን አብራችሁ አዘጋጁ፣ ዶሮ አሠራሩን ከእጅዎ እያየች ትማር፤ ቅመሙን በስንት ማንኪያ እንደሚለኩት ትጻፈው፤ «በግምት ነው» ብለው አይተዉት፤ ፍራንክፈርት የእርስዎን ግምት የሚያውቅ ሰው የለም። ድግሱን በተመለከተ ልጅዎ ትክክል ናት። የበሬ ሥጋና ድንኳን ለሠርግ ይቆይ። ከመሄዷ በፊት ባለ አንድ ቅዳሜ ጓደኞቿን፣ የቅርብ ዘመድንና የነፍስ አባትን በአንድ ምሳ ሰብስቡ፤ ያን ቀን ጓደኞቿን እርስዎ ራስዎ አንድ በአንድ ያጉርሷቸውና ስልክ ቁጥራቸውን ይቀበሏቸው። ቦሌ ሸኝቶ መመለስ ከባድ ስለሆነ፣ ከጓደኞቿ አንዷ አብራዎት አዲስ አበባ ሄዳ አብራዎት ሐዋሳ እንድትመለስ ከአሁኑ ይነጋገሩ፤ ሌሊቱንም እርስዎ ቤት ብታድር መልካም ነው።